ፍሬን ሲከዳ፦ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ትንሽ አውሮፕላን ስታርፍ ፍሬኗ እምቢ ቢልስ? ብዙ ሰው ፔዳሉ ባዶ የሆነ ዕለት ነገሩ ሁሉ ያበቃለት ይመስለዋል። እኔ ግን ዋናው ጥያቄ ጎማው መሬት ሲነካ አውሮፕላኗ ምን ያህል ፍጥነት ይዛለች የሚለው ነው ባይ ነኝ። ይህን ለማስረዳት ደግሞ ከአፋር የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል። ሰመራ ከባሕር ወለል በላይ 430 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም፣ ሙቀቱ 42 ዲግሪ ሲደርስ አየሯ 1500 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር ያሳያል፤ አውሮፕላኗ ግን መሬቱን የምትነካው 8 በመቶ ያህል ፈጥና ነው። ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ሸክሙ በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዋሽ ሰባትስ? ከሰመራ ቀዝቀዝ ስለምትል የምትሻል ትመስላለች አይደል? ከፍታዋ ግን ከ900 ሜትር በላይ ነው። ሙቀቱ 38 በሆነበት ቀን አየሯ የ2000 ሜትር አየር ያህል ይሳሳል፤ ሸክሙም ከ20 በመቶ በላይ ያድጋል። ስሌቱን ስሠራው በጣም ነው የገረመኝ!

የቀኝና የግራ ጎማ ፍሬን የየራሱ ፔዳል አለው። አብራሪው የፔዳሉን ላይኛ ጫፍ ሲረግጥ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱም ሸራውን ዲስኩ ላይ ያጣብቃል። ዘይት ካንጠባጠበ ወይም መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል። የጂቡቲ መንገድ ሹፌሮች ይህን ስሜት ያውቁታል፤ ደጋግመው ይረግጣሉ፣ ማርሽ ይቀንሳሉ። አብራሪውም ደጋግሞ ይረግጣል፣ የሚቀንሰው ማርሽ ግን የለውም።

የሚከፋው አንዱ ብቻ ሲከዳ ነው። ሁለቱንም ከረገጠ አውሮፕላኗ ጤነኛው ወዳለበት ጎን ትሽከረከራለች። ሦስተኛው ጎማ ጅራት ሥር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የአውሮፕላኗ የክብደት ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሆነ የተጀመረው ሽክርክር ራሱን ያፋጥናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የገጣጠማት የእርሻ መድኃኒት መርጫዋ እሸት እንዲህ ዓይነት ነበረች።

ስለዚህ ፔዳሉ የሚሞከረው ገና አየር ላይ ነው። ከለሰለሰ፣ ከእርሻ ዳር አጭር ሜዳ ይልቅ ኪው 400 የመንገደኞች አውሮፕላን የሚያርፍበትን የሰመራውን ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ኤርፖርት መምረጥ ነው። እዚያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ፣ የክንፉን ፍላፕ ሙሉ አውጥቶ፣ በዝቅተኛው ፍጥነት ሜዳው መጀመሪያ ላይ ያረፈ አብራሪ ያለ ፍሬን ተንከባሎ መቆም ይችላል። አቅጣጫውን በጅራት መሪው ይይዛል፤ ጤነኛውን ፍሬን አይነካውም።

አጭሩ ሜዳ ላይ ከወረደ በኋላ ቢያውቀውስ? ፍጥነትና ሜዳ ገና ካለው ወዲያው ተመልሶ ይነሣል። ካለፈበት ግን ሞተሩንና ነዳጁን ዘግቶ ቀጥ ብሎ ሜዳው ጫፍ ያለው የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ይሻለዋል። ዘግይቶ ለመነሣት የሞከረ ያንኑ ቁጥቋጦ በሙሉ ፍጥነት ነው የሚያገኘው፤ ፍጥነቱ በግማሽ የቀነሰለት ግን የግጭቱ ጉልበት ወደ ሩብ ይወርድለታል።