ድምፅ መስጠት ከየት መጣ?

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ገጣጥማችሁ እዚህ ደርሳችኋል። የዛሬው ንባባችን ረዘም ይላል። አትቸኩሉ። አንዱን ክፍል አንብቡ፤ አረፍ በሉ፤ ተነጋገሩበት፤ ከዚያ ቀጥሉ።

የምናነበው ስለ ድምፅ ነው። ድምፅ ስንል ከአፍ የሚወጣውን ብቻ አይደለም። «እገሌ ይወክለኝ» ብሎ መምረጥም ድምፅ መስጠት ይባላል። እድር ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በእድር ዳኛ ይመረጣል፤ ጸሐፊ ይመረጣል፤ ገንዘብ ያዥ ይመረጣል። ገንዘብ ያዡ ካጎደለ ይጠየቃል፤ ካልሆነም ይሻራል። በአገር ደረጃ ግን ይህ መብት በአንድ ቀን አልመጣም።

«ሕዝቡ ገና አልበቃም»

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት አወጡ። ሕገ መንግሥት ማለት የሕጎች ሁሉ የበላይ የሆነ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። አንደኛው የሕግ መወሰኛ፣ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባሉ ነበር። የመወሰኛውን አባሎች ንጉሡ ይሾማሉ። የመምሪያውን አባሎች ደግሞ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጣሉ።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ይቆይ ተባለ። እስቲ ይህን ልብ በሉ። ማረስ የበቃ ሕዝብ ነው። ግብር መክፈል የበቃ ሕዝብ ነው። ጠላት ሲመጣ መዝመትና መሞት የበቃ ሕዝብ ነው። ለመምረጥ ግን አልበቃም ተባለ።

የመጀመሪያው ምርጫ

24 ዓመት አለፈ። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መምረጥ እንዲችል ተፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. ተደረገ። ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ ምርጫ ነበር።

በዚያ በመጀመሪያው ምርጫ ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት አሸነፉ። ስማቸው ስንዱ ገብሩ ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ስዊዘርላንድ በምትባል የአውሮፓ አገር ተምረው ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ታግለዋል። ተይዘውም ጣሊያን አገር፣ ደሴት ላይ ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ከዚያም በምርጫ ምክር ቤት ገቡ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ።

አሁን አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ስንዱ የተማሩባት ስዊዘርላንድ ሀብታም አገር ናት። ትምህርትም የተስፋፋባት ናት። ነገር ግን ሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ እንዲመርጡ የተፈቀደው በ1963 ዓ.ም. ነው። ይህ ማለት ስንዱ ከተመረጡ ከ13 ዓመት በኋላ ነው። የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ሕዝብም ብዙ ደም አፍስሶ፣ በአገሩ ምርጫ ድምፅ የሰጠው በ1986 ዓ.ም. ነው። ድምፅ በየትም አገር በትግል የተገኘ ነገር ነው።

መብቱ ተጽፎ፣ እጁ ታስሮ

ሕጉ «ምረጥ» አለ እንጂ ሁሉም ሰው መመረጥ አይችልም ነበር። ለመመረጥ ንብረት ያስፈልጋል። የፖለቲካ ፓርቲም አልነበረም። የመወሰኛው ምክር ቤት አባሎች አሁንም በንጉሡ ይሾማሉ።

ጭሰኛውን አስቡት። መሬቱ የጌታው ነው። ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጣል። ባለመሬቱ «ይህን ሰው ምረጥ» ቢለው፣ እንዴት እምቢ ይላል? እምቢ ካለ ልጆቹን ይዞ የት ይገባል?

ውጤቱም ታየ። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚያስተካክል የሕግ ረቂቅ ምክር ቤቱ ዘንድ ቀርቦ ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። ባለንብረት ብቻ የሚመረጥበት ምክር ቤት ለጭሰኛው እንዴት ይፈርዳል? በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከማኅበርና ከቀበሌ እስከ ሸንጎ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን አወረደ፤ ምክር ቤቱንም በተነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ጭሰኝነት ቀረ። ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ መሪውንና ዳኛውን መረጠ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። በከተማ ቀበሌ ተቋቋመ። የጉለሌ ሰውም፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ሳይቀር፣ በቀበሌው የሚመርጥና የሚመረጥ ሆነ።

ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ግን ሙሉ አልነበረም። አገሪቱን የሚገዛውን ደርግ ሕዝብ አልመረጠውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ሕዝብ እንዲያገለግሉ የተቋቋሙ ቀበሌዎች እስር ቤት ሆኑ። በሰኔ 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎ 835 አባሎች ተመረጡ። ነገር ግን የተፈቀደው ፓርቲ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ኢሠፓ ነው። ገበያ ወጥቶ አንድ ነጋዴ ብቻ ያገኘ ሰው፣ መረጥኩ ይላል?

ከዚያ በኋላስ?

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በ1987 ዓ.ም. አዲስ ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ዋለ። አንቀጽ 38 ስለ መምረጥና ስለ መመረጥ ይናገራል። 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በሀብት ሳይለይ ይመርጣል። ምርጫው በየአምስት ዓመቱ እንዲሆን፣ ድምፁም በሚስጥር እንዲሰጥ ተደነገገ።

የተጻፈው ሁሉ ግን በቀላሉ አልተፈጸመም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ መረጠ። በውጤቱ ጠብ ተነሣ፤ ሰው ሞተ። የአጣሪ ኮሚሽኑ ቁጥር 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫም አዲስ አበባ ድምፅ ስትሰጥ፣ ትግራይ በጦርነት ምክንያት አልመረጠችም። ድምፅ እንዲከበር ሰላም ያስፈልጋል፤ የተሸነፈም መሸነፉን፣ ያሸነፈም ተጠያቂነቱን መቀበል አለበት።

ወረቀቱን ማንበብ

የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የተወዳዳሪው ስምና ምልክት አለ። ማንበብ የማይችል ሰው ምልክቱን አይቶ በጣት አሻራው ይመርጣል። የሱም ድምፅ ከፕሮፌሰር ድምፅ እኩል ነው፤ አንድ ነው። ማንበብ ድምፁን ሁለት አያደርገውም። ነገር ግን የሚያነብ ሰው ሌላው «ምልክቱ ይህ ነው» ቢለው ስሙን ራሱ ያያል። ከምርጫ በፊት የተለጠፈውን ያነባል። ከምርጫ በኋላም የተገባለትን ቃል እያነበበ ይጠይቃል።

አንዲት እናት በክፍል ውስጥ «ባለቤቴ ያለኝን መምረጥ አለብኝ ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። የለብዎትም፣ እማማ። መጋረጃው ውስጥ የሚገቡት ብቻዎን ነው። ባልም፣ ሹምም፣ ልጅም እዚያ አይገባም። ሚስጥር የተባለው ለዚህ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ አባቶች። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ይህን በእጁ ያውቀዋል። አንዷ ክር ብቻዋን ትበጠሳለች፤ ክር ከክር ሲገናኝ ግን ጋቢ ይሆናል። ድምፅም እንዲሁ ነው።

ተወያዩበት

1. በ1923 ዓ.ም. ሕዝቡ ለመምረጥ አልበቃም የተባለው ለምን ይመስላችኋል? ማንን ይጠቅም ነበር?
2. ጭሰኛው የመምረጥ መብት እያለው ያልተጠቀመበት ለምንድን ነው?
3. በእድራችሁ ገንዘብ ያዡን እንዴት ትቆጣጠራላችሁ? የመረጣችሁትን ተወካይስ?