አጃ ከአራስ ቤት ወደ ቁርስ ገበታ

አጃ በብዙ ቤት የሚታወሰው ሰው ሲወልድ ወይም ሲታመም ነው። ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ አጥሚት ይሆናል፤ ማርና ቅቤ ታክሎበት ለአራሷ ይቀርባል። እሷ ስትበረታ እህሉም ወደ ጓዳ ይመለሳል። ይህ ያሳዝነኛል። ወላድን ያጠነክራል ብለን የምንተማመንበት እህል፣ ማልዶ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጅና ባዶ ሆዱን ታክሲ ለሚሰለፍ ሠራተኛ የማይደርስበት ምክንያት አይታየኝም።

አጃ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት አቬና አቢሲኒካ ያሉት ዓይነት በደጋው ከገብስና ከስንዴ ጋር ተቀላቅሎ ይበቅላል። ገበሬው ነቅሎ አይጥለውም፤ ከገብሱ ጋር ያጭደዋል፣ ይወቃዋል፣ ከእንጀራውም ከጠላውም ይገባል። በየሱቁ ኦትስ ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ዘመዱ አቬና ሳቲቫ ነው። ይህኛው ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይወዳል፤ በስኮትላንድ ለዘመናት የሕዝብ ቀለብ ሆኖ ኖሯል። እዚያ ካርብሪጅ በምትባል መንደር ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገንፎ የዓለም ሻምፒዮና ይካሄዳል። ለዋናው ሽልማት የሚፈቀደው አጃ፣ ውሃና ጨው ብቻ ነው፤ አሸናፊው የሚሸለመውም ወርቃማ ማማሰያ ነው። ገንፎ ማገንፋት እንዲህ ሲከበር ማየት ደስ ይላል።

አጃ ከአብዛኞቹ የብርዕ እህሎች ይልቅ ስቡ በርከት ይላል። ገለባው ተፈልፍሎ ፍሬው ሲሰበር በውስጡ ያለ ኢንዛይም ያንን ስብ እንዲበላሽና መራራ እንዲሆን ያደርገዋል። ስለዚህ ፋብሪካዎች መጀመሪያ በእንፋሎት ያሞቁታል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን ያከሽፈዋል፤ ከዚያ በሮለር መካከል አልፎ ይዳመጣል። እናቶቻችን አጃውን በምጣድ ሲያምሱ የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው፤ የእነሱ መዓዛም አለው።

የአጃ ዋና ሀብት ቤታ ግሉካን የሚባለው፣ በውሃ የሚሟሟ አሰር ነው። ገንፎውን የሚያወፍረውና የሚያለሰልሰው እሱ ነው። አንጀት ውስጥም ወፍሮ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። ከሐሞት ጋር ተያይዞም ይወጣል፤ ጉበት የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1997 እ.ኤ.አ. አምራቾች ስለ ልብ ጤና እንዲጽፉ ሲፈቅድ መለኪያ ያደረገው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። ግማሽ ኩባያ፣ 40 ግራም ያህል ደረቅ አጃ፣ የዚህን ግማሽ ገደማ ይሰጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ኩባያ የተዳመጠ አጃ በደረቅ ድስት፣ ሽታው ቤቱን እስኪሞላ ድረስ፣ ለስለስ ባለ እሳት ይታመስ። ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ድስቱ በረድ ሲል ሁለት ኩባያ ተኩል ቀዝቃዛ ውሃና ትንሽ ጨው ይጨመርበት። ከቀዝቃዛ ውሃ የተነሳ ገንፎ ይልማል፤ ፍሬ ፍሬው እንዲለይ የፈለገ በፈላ ውሃ ይጀምር። መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሶ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ማማሰል፣ ከዚያ አውርዶ ለጥቂት ደቂቃ መክደን። እኔ ግን የአጃ ቂንጬን እመርጣለሁ። ሦስት እጥፍ ውሃና ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ከተዘፈዘፈ ፈጥኖ ይደርሳል። ሲታኘክ ጥርስ ላይ የሚሰማው ነገር አለውና ያጠግባል።

ገንፎው ላይ የሚጨመረው ፍራፍሬ ከጋሞ ምድር ቢመጣ እንዴት ያማረ ነው! ከአርባ ምንጭ በላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ጨንቻ ፖም ታበቅላለች፤ ፖም አበባ ለማውጣት ብርድ ይፈልጋልና። ከሥሯ ያለው ቆላ ደግሞ የሙዝ አገር ነው። ሁለት ፖም ከነልጣጩ ይከተፍ፤ ልጣጩ ፔክቲን አለው፣ መረቁን የሚያወፍረው እሱ ነው። ከጥቂት ውሃ፣ ከቀረፋ እንጨት፣ ከተፈጨ ዝንጅብልና ከአንድ እፍኝ ዘቢብ ጋር ተከድኖ ለ8 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ማጉደል። ሙዙ በመጨረሻው ደቂቃ ይገባል፤ ቀድሞ ከገባ ይሟሟል። ከወረደ በኋላ ሎሚ ይጨመቅበት።

ፍራፍሬው ለምን ይሞቃል? ጥሬ ፖም ትኩስ ገንፎ ላይ ሲጣል ገንፎውን ያቀዘቅዛል፣ ጣዕሙም ከገንፎው አይዋሐድም። እሳት ሲነካው ግን ይላላና ስኳሩን ወደ መረቁ ይለቃል፤ መረቁ አጃው ውስጥ ይሰርጋል። በዚህ ምክንያት ስኳር አያስፈልግም። በውሃ የተሠራው ለጾም ይሆናል፤ በፍስክ ቀን እርጎ ጣል ማድረግ ይቻላል።

ሁለት ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። ከገብስና ከስንዴ ጋር የበቀለ ወይም የተፈጨ አጃ፣ ግሉተን ለማይስማማው ሰው አይሆንም። ሌላው ማር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን በአጥሚትም በገንፎም አይሰጥም፣ ለከባድ መመረዝ የሚዳርግ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላልና። ምግብ ለጀመረ ሕፃን የበሰለውን ፖም ያለ ዘቢብ በደንብ አድቅቆ ከላመው ገንፎ ጋር መቀላቀል ይበቃል።