የጣርማበር ግንብና የሞላሌ ቤት

በመንዝ፣ ሞላሌ ላይ ቤት ለማሠራት ወደ እኔ የሚመጣ ሰው አሁን አሁን ንድፉን በስልኩ ይዞ ይመጣል። ፎቶው ሁሌም የአዲስ አበባ ሕንፃ ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ አናቱ ጠፍጣፋ። «ይኸውልህ ልጄ፣ እንደዚህ አርገህ አውጣልኝ» ይሉኛል ሽማግሌው። በመንዝ ብርድ መስታወት ምን እንደሚያደርግ ማስረዳት የእኔ ፈንታ ነው። አዲስ ነገር መሻታቸውን ግን አልነቅፍም፤ አዲስ አበባም ራሷ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እስከ ማይጨው በነበረው ጊዜ ጉጉቷ ይኸው ነበር።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. ገባ፤ የለገሃር ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ጀርመናዊው ካርል ሄርተል በበዓታ ያለውን የዳግማዊ ምኒልክን መቃብር ቤት፣ በ1923 ዓ.ም. የተመረቀውንም የፈረሰኛ ሐውልት ነደፈ። ፓርላማው ባለሰዓት ግንቡን ይዞ ተነሣ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተጀምሮ የጣሊያን ወረራ አቋረጠው፤ ከነጻነት በኋላ ተፈጸመ። ሁሉም ያማሩ ናቸው። ለእኔ ሥራ ግን ብዙ ትምህርት የሚሰጠኝ ከዚያ ቀጥሎ በወረራው ዘመን የመጣው ግንባታ ነው፤ እሱም ቤት አይደለም፤ መንገድ ነው።

ከሞላሌ ወጥተን የአዲስ አበባ–ደሴን መንገድ የምናገኘው ጣርማበር ላይ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያሳለፈው መሿለኪያ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ተሳፋሪ የሚያየው ጨለማውንና ጉሙን ነው። እኔ የማየው በዚያ ዘመን መንገድ ዳር ያሉትን ደጋፊ ግንቦች ነው፤ ጥርብ ድንጋይ፣ በመሐሉ ደግሞ ከኋላ የሚጠራቀመው ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ዝቅ ብሎም በድንጋይ ቅስት የተሠራ የጎርፍ ማሳለፊያ። ግንብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ክብደት አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ነው የገነባው።

ለምን በድንጋይ? በዚያው በ1930 ዓ.ም. አካባቢ አስመራ ላይ ጁሴፔ ፔታዚ የፊያት ታሊየሮን ነዳጅ ማደያ ሲሠራ፣ በሁለት ወገን 15 ሜትር 15 ሜትር የሚሆን የአርማታ ክንፍ ያለ ምሰሶ አንጠልጥሏል። ገዢው አንድ ነበር፤ አገሩ ግን ይለያያል። ከወደብ ርቆ ብረትና ሲሚንቶ ሽቅብ ማጓጓዝ ውድ ነው። በጣሊያን ላይ ከተጣለው የ1928 ዓ.ም. ማዕቀብ ወዲህም ሮም በራስ ምርት መኖርን መመሪያዋ ስላደረገች ብረት ይቆጠብ ነበር። ድንጋዩ ግን እዚያው ነው። መንገዱ ለመንዝ ታስቦ እንዳልተሠራ ግልጽ ነው፤ ጦርና ስንቅ ለማመላለስ ነው። ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸውም በመንዝና በመርሐቤቴ ገደል ያንኑ ጦር ሲያስጨንቁ ከረሙ። ድንጋዩን የጠረበው እጅም ሁሉ የጣሊያን አልነበረም።

የመንዝ ሰው ድንጋይ መካብ ከማንም አልተማረም። እንጨት በጠፋበት አገር ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። ሣሩም ሲያሻ የሚታጨድ አልነበረም፤ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ በወቅቱ ይከፈት ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት አፈረሰ፤ ቆርቆሮውም ተስፋፋ። በቆርቆሮ አልከፋም፤ እሳት አይፈራም፣ በየጊዜው አይታደስም። ነገር ግን የሣር ክዳን ዝናቡን ጠጥቶ ቀስ እያለ ያንጠባጥበዋል፤ ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል፣ ያውም በመሠረቱ ጥግ ጥግ። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮት። ባለቤቱ ታዲያ ግንበኛውን ይረግማል፣ ሲሚንቶ አሳነሰ ብሎ።

ስለዚህ ፕላን ሲቀርብልኝ ከፊቱ በፊት ጓሮውን አያለሁ። አሸንዳው የት ይወርዳል? ቦዩ ከመሠረቱ ምን ያህል ይርቃል? ከላይ ካለው ጎረቤት የሚመጣው ጎርፍስ? ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብ ለመስታወቱ ማዋል የሚመርጥ ባለቤት ብዙ ነው፤ እንከራከራለን። አሸንዳውንና ቦዩን አስገባለሁ፤ መስታወቱን ግን እስካሁን ማስቀረት አልቻልኩም።