ሁሉን አንቱ የሚል ቋንቋ

የእንግሊዝኛው «ዩ» አንተን፣ አንቺን፣ እናንተንና እርስዎን ብቻውን ይሸከማል፤ ይህን የ4ኛ ክፍል ተማሪም ያውቀዋል።

ታሪኩን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ላይ ቡና ሲጠጣ «ፈረንጅ እኮ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚል!» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ ግልባጩ ነው። እንግሊዞች ጥንት ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰው «ዪ» ይሉ ነበር፤ «ዩ» የ«ዪ» ተሳቢ ነበር። ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ በፈረንሳይኛ ተጽዕኖ፣ ትልቅን ሰው በብዙ ቁጥር ማናገር ገባ። ውሎ አድሮ ማን አንቱ፣ ማን አንተ እንደሚባል መለየቱ ሲያስቸግር፣ ማንንም ላለማስቀየም ሁሉን «ዩ» አሉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ «ዛው» ከአብዛኛው የከተማ ሰው አፍ ጠፍቶ ነበር። ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ብቻ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብለው ዳኛውንም ሹሙንም «ዛው» አሉ፤ ለዚህም ተሰደቡ፣ ተደበደቡ።

እንግሊዝኛ የጣለው አንተን እንጂ አንቱን አይደለም ማለት ነው። ማስረጃው ዛሬም ግሱ ላይ ተቀምጧል፦ ለአንድ ሰው እንኳ «ዩ አር» እንጂ «ዩ ኢዝ» አይባልም። እኛም አንድን አዛውንት እንደ ብዙ ሰው «ይመጣሉ» እንላለን። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን «ዛው» ማለቱን ብዙዎች የአክብሮት ይመስላቸዋል፤ እኛ በጸሎት «አንተ» እንደምንለው ነው እንጂ።

የዘጌ ገዳማት አስጎብኚዎች «ዩ» አንቱም እንደሚሆን ሳይማሩት ያውቁታል። አንዱ፣ ጎብኚዋ አንድ አባን «ዩ» ብላ ስትጠይቅ፣ ዓይኑን ሳያሽ «እርስዎ» ብሎ አቀበላቸው። በመንገድ ዳር ቆመው ጎብኚን «ዩ! ዩ!» እያሉ የሚጮኹ ልጆች ግን ይታረሙ፤ የኛ «አንተ!» መጥሪያ ይሆናል፣ «ዩ!» ግን ጣት እንደ መቀሰር ነው።

ደግሞ ሁሉ ሰው አንቱ ከተባለ አንቱታው መለያ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ እንግሊዝኛ አክብሮቱን ወደ «ፕሊዝ» እና ወደ «ኩድ ዩ» አዛወረው። የኛ ሰው «ውኃ ይስጡኝ» ሲል አክብሮቱ እዚያው ግሱ ውስጥ አለ፤ ያንኑ «ጊቭ ሚ ዋተር» ብሎ ሲያዞረው ትእዛዝ ይሆንበታል። ከዚያ ፈረንጁ ፊቱን ሲያጠቁር «ኩራተኛ» ይለዋል። አስጎብኚ ልሁን የሚል ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ «ኩድ ዩ»ን ይልመድ።