ፊላና ደንገል የሐይቅን ማዕበል እንዴት እንደሚያደክሙ

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያ የሚሠሩ የልማት ሠራተኞች ስለ ፊላ ሲነሣ ሁለት ዓይነት አስተያየት እንደሚሰሙ እናውቃለን። አሣ አስጋሪው «አትንኩት» ይላል። በፓምፕ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ደግሞ መሬት የሚሻማ አረም አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ምክንያት አላቸው፤ ሆኖም በክርክሩ መካከል የሚዘነጋ አንድ አገልግሎት አለ፤ ይኸውም ማዕበልን ማድከሙ ነው።

ከአዳማ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ ከመቂ አልፎ በባቱ ከተማ አጠገብ የሚገኘውን የዝዋይ ሐይቅ እንውሰድ። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህን ያህል ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲበረታ የማዕበሉ እንቅስቃሴ እስከ ወለሉ ይደርስና ደለሉን ያማስለዋል። ሐይቁ ብዙ ጊዜ ደፍርሶ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ማዕበሉ ወደ ዳር ሲደርስ ከፊላውና ከደንገሉ አገዳ ጋር ይጋጫል። ውኃው በእያንዳንዱ አገዳ ዙሪያ እየተሽከረከረ ስለሚያልፍ ጉልበቱ በትናንሽ ሽክርክሪቶች ተበታትኖ ያልቃል። እዚህ ላይ አንድ ስሌት ልብ ማለት ይጠቅማል። የማዕበል ቁመት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ቁመቱን በግማሽ ያሳጠረ የፊላ ዳርቻ ከጉልበቱ ሦስት አራተኛውን ወስዷል ማለት ነው። በቀይ ባሕር ጥልቀት በሌላቸው ዳርቻዎች የሚበቅለው የባሕር ሣርም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ግን ቅጠሉ ለስላሳ ስለሆነ ከማዕበሉ ጋር ይጎነበሳል፤ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥርም መከላከሉ ይደክማል። የፊላ አገዳ ከውኃው በላይ ስለሚቆም በዚህ ረገድ ይሻላል።

ከፊላው ጀርባ ውኃው ጸጥ ሲል ደለሉ ይዘቅጣል፣ አግድም የተዘረጋው ሥርም ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። ቆሮሶ የሚራባውና ጫጩቶቹ የሚያድጉት በእንዲህ ዓይነቱ ጥግ ነው። ዳርቻው ተመንጥሮ እስከ ውኃው ጠርዝ ከታረሰ ግን ማዕበሉ ያለ ከልካይ ዳሩን ይቦረቡረዋል፤ የተቦረቦረው አፈር ደግሞ ተመልሶ በፓምፑ መሳቢያ ቱቦ ውስጥ ይገባል። መሬት አገኘሁ ያለው ገበሬ መሬትም ፓምፕም ይጎዳበታል።

ይህን ስንል ፊላ አይታጨድ ማለታችን አይደለም። ለጅባ፣ ለቤት ክዳንና ለከብት መኖ ያስፈልጋል። ቁም ነገሩ አስተጫጨዱ ላይ ነው። የፊላ ሥር በጭቃ ውስጥ የሚተነፍሰው በአገዳው አማካይነት በሚወርድለት አየር ነው። አገዳው ከውኃ በታች ከተቆረጠ፣ ወይም በበጋ ከታጨደ ወይም ከተቃጠለ በኋላ ጉቶው በክረምት ሙላት ከተዋጠ፣ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። ስለዚህ ጉቶው ከሚጠበቀው ሙላት በላይ እንዲቀር ከፍ አድርጎ መቁረጥ፣ በአንድ ዓመትም ዳርቻውን በሙሉ ሳይጨርሱ በየተራ ማጨድ ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተራውን በስብሰባ ቢወስኑት ጠብ ይቀራል።

ለፓምፕ የሚከፈተው ቦይ ጠባብ ይሁን፤ ነፋሱ ከሚመጣበት አቅጣጫም ዘወር ተደርጎ ይቆፈር። ፊት ለፊት የተከፈተ ቦይ ለማዕበሉ መንገድ መጥረግ ነው።

እንቦጭም ማዕበል ያበርዳል የሚሉ አሉ። እርግጥ የተንሳፈፈ ምንጣፉ ውኃውን ያረጋዋል፤ ነገር ግን በመሬት ሥር ስላልሰደደ ነፋስ ወዲያና ወዲህ ይነዳዋል፣ አፈር አይይዝም፣ ፓምፕና ጀልባ ይዘጋል። በቆቃ ግድብ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ከታየ ወዲህ ያደረሰው ችግር ለአካባቢው ሰው አዲስ አይደለም። ስለዚህ እንቦጩ ሲነቀል ፊላው አብሮ እንዳይነቀል ሠራተኞቹን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በተራቆተ ዳርቻ ፊላ መልሶ ለመትከል ሐይቁ የሚጎድልበት ወቅት ይመረጣል። ቡቃያ ያለው የሥር ቁራጭ ከጤናማ ዳርቻ ተወስዶ በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ይተከላል፤ ውኃው ሲመለስ የቡቃያው ጫፍ እንዳይሰምጥ ቦታው በጥንቃቄ ይመረጥ። ሥር እስኪይዝ ድረስ ከብት እንዳይገባበት ይታጠር።