ቪኤልሲ አልከፈት ሲል

የቪዲዮ ማጫወቻውን የቪኤልሲን ብርቱካናማ ኮን ወይም አንድ የፊልም ፋይል ሁለቴ ይጫናሉ። የማውሱ ክብ ለአፍታ ትሽከረከርና ትጠፋለች። መስኮት የለም፤ የስህተት መልእክት የለም። ደግመው ይጫናሉ፤ ያው ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ ቪኤልሲን ከኮምፒውተሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭነዋል፤ ብዙ ጊዜም ያው ችግር ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ቪኤልሲ በ1996 በፓሪሱ ኤኮል ሴንትራል በተማሪዎች የተጀመረ ነው። መነሻው በግቢው ኔትወርክ ላይ ቪዲዮ ማሰራጨት ነበር፤ በ2001 ደግሞ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ተደረገ። (ኮኗም የመጣችው ተማሪዎቹ ይሰበስቧቸው ከነበሩ የመንገድ ኮኖች ነው።) ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው አወቃቀሩ ነው፦ ዋናው ፋይል ብቻውን ብዙም አይሠራም። ድምፅ የሚፈታው፣ ምስል የሚስለው፣ መስኮቱን የሚያወጣው ሁሉ ‹ፕለጊንስ› በሚባል ፎልደር ውስጥ ያሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች ናቸው። ከጓደኛ ዴስክቶፕ ላይ ኮኗን ብቻ በፍላሽ ገልብጦ የወሰደ ሰው የወሰደው እንግዲህ ጥቂት ኪሎባይት የሆነ አቋራጭ ነው። የሚያመለክተው ፕሮግራም በዚያኛው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል።

ፕሮግራሙ ሲነሳ በመጀመሪያ ዊንዶውስ ዋና ዋና ክፍሎቹን ወደ ሚሞሪ ያወጣል። የ32 እና የ64 ቢት ፋይሎች ከተደባለቁ እዚሁ ላይ ይቆማል፤ ይህ ግን በአብዛኛው መልእክት ስላለው አያደናግርም፤ እንደገና መጫንም በእርግጥ ይፈታዋል። ዝም ብሎ የሚጠፋው ቪኤልሲ ሌላ ነው።

በዝምታው ውስጥ ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው ያልሞተ ቪኤልሲ ነው። ትናንት ፊልሙን ዘግተው መስኮቱ ቢጠፋም ፕሮግራሙ ከጀርባ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ቪኤልሲ የቪዲዮ ፋይል ተጭነው ሲከፍቱት በተለመደው ሴቲንግ አዲስ መስኮት አያወጣም፤ አስቀድሞ የተነሳ ቪኤልሲ ካለ ፋይሉን ለእሱ አስተላልፎ ራሱ ይወጣል። ተቀባዩ ደንዝዞ ከሆነ ፊልሙ እዚያው ይቀራል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፤ ቪኤልሲ የሚሉትን ሁሉ ‹ኢንድ ታስክ› እያሉ መዝጋት ነው። ሪስታርት ማድረግም ያንኑ ይሠራል። ‹አጥፍተህ አብራው› የሚለው ምክር የስንፍና ቢመስልም እዚህ ላይ ምክንያት አለው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ማስታወሻው ነው። ቪኤልሲ የመረጡትን ሁሉ፣ ምስሉ በየትኛው መንገድ ይሳል፣ ድምፁ በየት ይውጣ የሚለውን ጭምር፣ ይጽፋል፤ በተነሳ ቁጥርም መልሶ ያነበዋል። የግራፊክስ ሾፌር ከተቀየረ ወይም በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ከጠፋ፣ ያ ጽሑፍ መነሻውን ሊያሰናክል ይችላል። ማስታወሻው የሚቀመጠው ደግሞ ከፕሮግራሙ ጋር ሳይሆን ‹አፕዳታ› በተባለው ስውር የተጠቃሚ ፎልደር ውስጥ ነው። ስለዚህ ሲያጠፉት ሴቲንጉም አብሮ ይጥፋ ካላሉ፣ አዲሱ ቪኤልሲ የሚያነበው ያንኑ የተበላሸ ገጽ ነው። እንደገና መጫን የማይፈታው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በዊንዶውስ ስታርት ሜኑ ውስጥ ከቪኤልሲ ጋር አብራ የምትመጣ፣ ሴቲንጉንና የተጠራቀመውን ፋይል ወደ መጀመሪያው የምትመልስ አቋራጭ አለች። እኔ ግን ‹አፕዳታ› ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ ‹ሮሚንግ› ውስጥ ያለውን የቪኤልሲ ፎልደር ስም መቀየርን እመርጣለሁ። ፕሮግራሙ ፎልደሩን ሲያጣ አዲስ ይሠራል፤ አሁንም ካልተከፈተ ጥፋቱ የማስታወሻው እንዳልነበር ታውቋልና የድሮውን ስም መመለስ ነው። ቀድሞ የሰረዘ ሰው ይህን ማረጋገጫ አያገኝም።

ቪኤልሲ ሆን ብሎ እምቢ የሚልበትም ጊዜ አለ። ሊኑክስ ላይ ኮምፒውተሩን እንዳሻው በሚያዝዘው ‹ሩት› በሚባለው ተጠቃሚ ሲነሳ፣ በዚህ ስም አልሠራም የሚል አጭር መልእክት ጽፎ ይዘጋል። ቪዲዮ ከየትም የሚመጣ ፋይል ነው፤ በውስጡ ተንኮል ቢኖርና ማጫወቻውን ቢያሳስት፣ የሚያገኘው ሥልጣን ማጫወቻውን ያስነሳው ሰው ያለው ሁሉ ነው። በተራ ተጠቃሚ ስም ሲያስነሱት ወዲያው ይከፈታል።