ቅላቱ የሚሸጥ በርበሬ

ንፋስ መውጫ ደጋ በመሆኗ በርበሬ የሚመጣላት ከቆላና ከወይና ደጋ ነው። ሸማቹም ዛላውን የሚመርጠው በማቃጠሉና በቅላቱ ነው። በውጭ አገር ያሉ የምግብ ፋብሪካዎች ግን ሁለቱን ለይተው ይገዛሉ። ማቃጠሉ ከካፕሳይሲን፥ ቅላቱ ከካፕሳንቲን የሚገኝ ስለሆነ አንዱ ያለ ሌላው ሊበዛ ይችላል። በሕንድ አገር በካርናታካ ግዛት የሚመረተው የብያድጊ በርበሬ ብዙ ሳያቃጥል እጅግ የቀላ በመሆኑ በፋብሪካዎች ዘንድ ተፈላጊ ነው። የኢትዮጵያው ማረቆ ፋና ደግሞ ቅላትንና ማቃጠልን አስተባብሮ የያዘ ነው።

ይሁን እንጂ ቅላት የሚሸጥ ነጋዴ ታማኝነቱን ሊጠብቅ ይገባዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. ሱዳን አንድ የተባለው ክልክል ቀለም ከሕንድ በመጣ የበርበሬ ዱቄት ውስጥ በመገኘቱ፥ የአውሮፓ ኅብረት የምርመራ ማስረጃ ያልቀረበለት በርበሬ እንዳይገባ ደነገገ። በጥቂቶች ማጭበርበር የተነሣ ንጹሑን የሚልከውም ነጋዴ ለምርመራ ወጪና ለመዘግየት ተዳረገ። ስለዚህ ዛላውን ከመሬት አንሥቶ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ አጥብቆ ማድረቅ፥ ዱቄቱንም ከብርሃንና ከእርጥበት መጠበቅ የተፈጥሮ ቅላቱን ያቆየዋል፤ ቀለም መጨመርም አያስፈልግም።